በረኪና ያልነካው ውሃ፦ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ላንቻ

ከቤት ስወጣ አባባ ነቅቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማዬን ሳስር ያየኛል። በአንድ እጁ ጎኑን ይዟል፤ ጠጠሩ ያለበትን ጎን።

«ሰብልዬ፣ የምርሽን ነው? ቆሻሻ ውሃ ልትለምኚ ነው የምትሄጂው?»

«አዎ አባባ።»

«አንቺ? ባለሱቁን መልስ ስጠኝ ማለት የምታፍሪው?»

እውነቱን ነው። እዚሁ ላንቻ አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ ጸጉር አጥባለሁ። ሥራዬን የምወደው ደንበኛዋ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ስለምትጨፍን ነው። ማንም አያየኝም። «ውሃው ሞቀሽ?» ብዬ ከጠየቅሁ ይበቃኛል።

ዛሬ ግን ሥራ አስፈቅጄ ወጥቻለሁ። አባባ ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ኩላሊቱ ጠጠር ያዘ። ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ተብሎ ነበር። ሲመረመር ግን አንጀቱ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ መስፈሩ ታወቀ፤ ያሉት መድኃኒቶች የማይበግሩት ዓይነት። አንጀት ውስጥ ሲቀመጥ ዝም ይላል። ወደ ሽንት ቧንቧ የተሻገረ ቀን ግን በትኩሳት ያነድደዋል፤ ሁለቴ ሆስፒታል አስተኝቶታል። ሐኪሙ «እንዲህ እንዳለ ብቀድደው ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ የምሰጠው ላይኖረኝ ነው» አለና ቀዶ ሕክምናውን አስተላለፈው። እንደገናም አስተላለፈው። ጠጠሩ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ያድጋል።

ግቢው ገና አልተነሳም። ስድስት ቤተሰብ ነን፣ አንድ ሽንት ቤት የምንጋራ። በሩ አጠገብ ሳልፍ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ለምን እንዳፈጠንኩ ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ማለዳ፤ መስቀል አደባባይ

ባቡሩ ገና ላንቻ ሳይደርስ ሞልቷል። በሰው ጀርባና በአንዲት ሴት የጎመን ዘንቢል መሃል ተጣብቄ መስቀል አደባባይ ደረስኩ። ደረጃዎቹ ላይ ሯጮች ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ፤ ቢጫ ቲሸርት፣ ሰማያዊ ቲሸርት፣ ከትንፋሻቸው የሚወጣ እንፋሎት። ሆዳቸው ውስጥ ስላለው ነገር የሚያስብ የለም። እኔ ሰሞኑን ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዱን ነው የማስበው።

ሻይና ትኩስ ቦንቦሊኖ አዘዝኩ። ቦንቦሊኖው ዘይቱ እጄ ላይ ቀረ፤ ግማሹን ሳልበላው ተነሳሁ። መቀመጥ አልቻልኩም።

«ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! የሞላ!» ይላል ረዳቱ፤ ታክሲው ግን ባዶ ነው። ገባሁ።

ስለ ታክሲ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሲወርድ ነው የምወርደው። ዛሬም የምወርድበትን ቦታ በመስኮት እያየሁት አለፍኩት። አንድ ወፍራም ሰውዬ «ወራጅ!» እስኪሉ ድረስ ተጉዤ ዳገቱን በእግሬ ተመለስኩ።

ጠዋት፤ ካዛንቺስ፣ ላቦራቶሪው

ላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ዶክተር ሰናይት ነጭ ጋውኗን ለብሳ ጠበቀችኝ። ብዙ አትበልጠኝም፤ «አንቺ በይኝ» ትለኛለች፣ እኔ ግን እስካሁን «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ሳልል ጭንቅላቴን በመነቅነቅ ነው የማወራት። ወደ እሷ የላከን የአባባ ሐኪም ነው። እሷ የምታጠናው በባክቴሪያ ላይ የሚኖሩ ቫይረሶችን ነው፤ ፋጅ ይባላሉ።

መጀመሪያ ቀን «ቫይረስ» ስትል አባባ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «ኮሮና የሚሉት ዓይነት?»

«አይደለም አባቴ» አለችው። «ይሄ ሰውን አይነካም። ባክቴሪያን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያውም የራሱን ዓይነት መርጦ። አንጀትዎ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው ይጠቅምዎታል። ሰፈር በሉት።»

«ቀበሌው የት ነው ታዲያ?» አለ አባባ። እሷ ሳቀች፤ እኔ አፈርኩ።

ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየችን። ማዶ ድሮ ቤቶች የነበሩበት ቦታ ላይ ዶዘር ቆሟል። «አንቲባዮቲክ እንደዚያ ነው። ከገባ ጥፋተኛውንም ጎረቤቱንም አብሮ ያፈርሳል። ለዚህ ነው መድኃኒቱን ሲወስዱ ሆድዎ የሚረበሸው። ፋጅ ግን አንድ በር ብቻ ያንኳኳል። የእርስዎን ባክቴሪያ በር የሚያውቀውን ካገኘን፣ ሌላውን ሰፈር ሳንነካ እሱን ብቻ ለመቀነስ መሞከር ይቻል ይሆናል።»

«ይቻል ይሆናል» ያለችውን አባባ አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ።

ቫይረሱ የሚገኘው ባክቴሪያው ባለበት ነው፤ ማለትም በሽንት ቤት ፍሳሽ ውስጥ። ውሃ የሚቀዳላት ሠራተኛ ስለታመመባት ሰፈሩን የማውቀው እኔ ልሞክር ተባለ። ዛሬ የበረዶ ሣጥን፣ ጠርሙሶች፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና ገመድ የታሰረበት ቆርቆሮ ሰጠችኝ።

«ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፍሳሽ ይሁን። ሳሙና የበዛበት፣ በተለይ በረኪና የገባበት አይሆንም፤ ቫይረሱንም ይገድለዋል። ደግሞ ከራሳችሁ ግቢ አንድ ጠርሙስ አትርሺ። አባትሽ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ እሱን ነው የምፈልገው።»

ጭንቅላቴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። በልቤ ግን አልቀዳም ብያለሁ።

ምክንያቱን አሁን ልንገራችሁ። ግቢው ውስጥ አባባ የኩላሊት ጠጠር እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ባክቴሪያው ግን ማንም አያውቅም። መድኃኒት የማይገድለው ነገር አንጀቱ ውስጥ አለ ከተባለ ሽንት ቤቱን የሚከለክሉን ይመስለኛል። ልጆቻቸውን ወደ እኛ በር አትጠጉ የሚሉ ይመስለኛል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ዞሬ ዞሬ አገኘዋለሁ፣ የእኛን ማንሳት ሳያስፈልግ ይቀራል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ረፋድ፤ ካዛንቺስ፣ የድሮው ሰፈር

የተወለድኩበት ቤት አሁን መንገድ ነው። ሰፊ፣ ንጹሕ፣ መብራቱ የተደረደረ መንገድ። የእኛ በር የነበረበትን በዛፍ ለመገመት ሞከርኩ፤ ዛፉም አዲስ ነው። ከኋላ ግን አንድ ረድፍ ቤት ሳይፈርስ ቀርቷል። ከፊቱ አሮጌ የድንጋይ ቦይ አለ፤ ልጅ ሆነን አፍንጫችንን ይዘን የምንዘለው። ትናንት እዚያ ለቀሩት ለእትዬ አስካለ ደውዬ «ነገ ለጤና ጥናት ከቦዩ ውሃ ልንቀዳ ነው» ብያቸዋለሁ።

ገና ሳልደርስ የሸተተኝ ነገር ጥሩ አልነበረም። ማለቴ፣ በጣም ጥሩ ሽታ ነበር።

እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ መጥረጊያ እንደ ዘንግ ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ሦስት ሴቶች። ቦዩ ያበራል። ድንጋዩ ነጭ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

«መጣሽ የኔ ቆንጆ! እይማ! ከንጋት ጀምረን ነው የፈገፈግነው። የጤና ሰዎች መጥተው በዚያ ቆሻሻ ሊያዩን? ሞተን ነው?»

«ሁለት ጀሪካን በረኪና ጨረስን» አለች አንዷ፣ በኩራት።

«ኦሞውን አትርሺ እንጂ» አለች ሌላዋ።

ቆርቆሮዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አበላሻችሁት እንዴት ይባላል? እንግዳ ይመጣል ሲባል የኛ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መጥረጊያ ነው። «መጥቼ ቆሻሻችሁን ልይ» ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ቆሻሻው ነው የሚፈለገው ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

«እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ንጹሕ ነው» አልኩ። ጎንበስ ብዬ አረፋ ያለበትን ውሃ ቀዳሁ። አጨበጨቡ። እትዬ አስካለ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው «ምንጭ አይመስልም?» አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን በመሃል አድርገን ፎቶ ተነሳን።

ጥግ ዞሬ ለዶክተር ሰናይት ደወልኩ። ነገርኳት። ሳቋ ስልኩን ሞላው። «በቃ ቀጥይ» አለች። «እሱንም ግን አምጪው፤ ለማየት ያህል።»

እኔ ግን አልሳቅኩም። አባባ ጎኑን ይዞ የተቀመጠው ነው የታየኝ።

እኩለ ቀን፤ እንደገና መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ቡልጋሪያ

እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ከካዛንቺስ ወደ አደባባዩ በእግሬ ወረድኩ፤ በየመንገዱ ቦይ ፈለግሁ። ሁሉም ተከድኗል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ከሥሩ ፍሳሽ እንዳለው እንኳ አይታወቅም። አንድ ክዳን አጠገብ ጎንበስ ስል ጥበቃው መጣ።

«እህት፣ ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«የምን ውሃ?»

ፊቴ ጋለ። ሣጥኑን ከፈተና አንገቱን አስገብቶ አሸተተ። «ይሄ የመስታወት ማጽጃ ነው እንዴ? እዚህ መሸጥ አይቻልም፤ ሂጂ።» ሄድኩ። ማስረዳት ነበረብኝ፤ ግን ሄድኩ።

ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ስደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ጋራዦቹ ተደርድረዋል፤ የተነሳ ኮፈን፣ የወለቀ ጎማ፣ መዶሻ፣ ከሦስት አቅጣጫ የሚጮህ ዘፈን። የታክሲ ወረፋው ከመንገዱ ተርፎ ጋራዥ ደጅ ደርሷል። ከጋራዦቹ ጀርባ ክፍት ቦይ አየሁ፤ ውሃው ግን ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ ዘይት በቀስተ ደመና ቀለም ይንሳፈፋል። አንድ ቱታ የለበሰ መካኒክ ከመኪና ሥር አንገቱን ብቻ አውጥቶ ያየኛል።

«እናት፣ ዘይት ልትቀይሪ ነው? በቆርቆሮ አንሠራም!»

ጓደኞቹ ሳቁ። ልሄድ ዞርኩ። ከዚያ የሚቀጥለውን ቦይ አሰብኩ፣ የሚቀጥለውን ጥበቃም አሰብኩ። ደከመኝ መሰለኝ፣ አፌ ተከፈተ።

«ለአባቴ ነው» አልኩ። «አንጀቱ ውስጥ መድኃኒት የማይገድለው ባክቴሪያ አለ። የሚገድለው ነገር ፍሳሽ ውስጥ ነው የሚገኘው።»

ሳቁ ቆመ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሙሉ በሙሉ ወጣ። ዘሪሁን እባላለሁ አለ፤ እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ሰጠኝ። ከምግብ ቤቱ ኋላ ወደሚወርድ ሌላ ትቦ ወሰደኝ። ሳህን የታጠበበት ውሃም ይቀላቀልበታል፤ ግን የሽንት ቤቱም አለበት። እሱ ድንጋዩን አነሳልኝ፣ እኔ ቀዳሁ።

«ይቅርታ አድርጊልኝና» አለ ጠርሙሱን ስከድን፣ «የፋዘር ፍሳሽ እያለ የእኛን ምን አስለፋሽ? እኔ መኪና ሲመጣልኝ የራሱን ዘይት መዘዝ አድርጌ ነው የማየው። የጎረቤቱን መኪና አልከፍትም።»

ጠዋት ዶክተር ሰናይት ያለችኝም ይኸው ነበር። እሷ በትህትና ብላኝ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አልፌዋለሁ። እሱ በሰው ፊት ሲለኝ ግን ማምለጫ አጣሁ። ሣጥኔን አንስቼ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ፤ ላንቻ፣ የእኛ ግቢ

ታክሲው ውስጥ ሆኜ ሳሰላስል የመጣሁት ሁሉ ሰው በሌለበት ሰዓት በዝምታ ስለመቅዳት ነበር። ከሽንት ቤቱ ኋላ ወደ ትልቁ ትቦ የሚወስድ ክዳን ያለው ቀዳዳ አለ። ልብስ የማጥብ መስዬ እጠጋለሁ፤ ማንም አያይም፤ አበቃ።

የረሳሁት ነገር ቀኑን ነው። ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሽንት ቤት የሚታጠብበት ነው፣ በየተራ። የዛሬው ተራ የእትዬ ዘሃራ ነው።

የግቢውን በር ስገፋ እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ ቆመዋል። ክዳኑ ተከፍቷል። የበረኪናውን ጀሪካን አንስተው አዘንብለዋል።

«እትዬ ዘሃራ! እንዳይደፉት!»

ድምፁ የማን እንደሆነ እኔም ዞር ብዬ ልፈልግ ነበር። ግቢው በሙሉ ሰማው። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቆሙ። በሮች ተከፈቱ። ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ጎረቤታችን ሙሉ፣ እጇን ገመዱ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

እትዬ ዘሃራ ጀሪካኑን አቃኑ። «ምን ሆንሽ ልጄ? እባብ አየሽ?»

«ውሃውን... ውሃውን እፈልገዋለሁ።»

«የሽንት ቤቱን ውሃ?»

አዎ ልል ነበር፤ ሁሉም እያየኝ ነው። ጠርሙሱን ከሣጥኑ አወጣሁ። ያን ጊዜ ከኋላዬ የአባባ ጫማ ተሰማኝ፤ አንዱን እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ጎኑን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«የምትፈልገው ለእኔ ነው» አለ። አውቶቡስ ሲነዳ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ» የሚልበትን ድምፅ አውጥቶ። «አንጀቴ ውስጥ መድኃኒት የማይገድለው ባክቴሪያ አለ። ቀዶ ሕክምናው የቀረው በእሱ ነው። የደበቅነው ሽንት ቤቱን ትከለክሉናላችሁ ብለን ነው።»

ደበቅነው አለ፤ አባባም ይፈራ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላወራንበትም።

ሙሉ ናት መጀመሪያ የተናገረችው። «ይተላለፋል?» አለች፤ ሕፃን አላት።

ዶክተር ሰናይት የነገረችኝን መለስኩላት። «ከእጅ ወደ አፍ ሊተላለፍ ይችላል። ከሽንት ቤት ስንወጣ ሁላችንም በሳሙና መታጠብ አለብን። እኛ ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው።» በሰው ፊት ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

«ታዲያ ሳሙና እዚህ በሩ ላይ ይንጠልጠል» አለች ሙሉ። ፊቷ እንዳልተፈታ አይቻለሁ። ግን ቤቷ ገብታ ሳሙና በአሮጌ ካልሲ ውስጥ አድርጋ አመጣችና ቧንቧው ላይ አሰረችው።

እትዬ ዘሃራ አባባን ከእግር እስከ ራስ አዩት። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ባለቤቴ ሲሞት ለቅሶ ሦስት ቀን ያስተናገድከው ሰው፣ ሽንት ቤት ትከለክለኛለች ብለህ ፈራኸኝ? አታፍርም?»

«አፍራለሁ።»

«እፈር!» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ ቅጂ፣ ክዳኑን ልያዝልሽ። ሳምንቱን ሙሉ በረኪና አልነካውም፤ የደረስሽው በአላህ ነው።»

ጓንቴን አደረግሁ። ቀዳሁ። ማንም ወደ ቤቱ አልገባም፤ ሁሉም ቆሞ ያያል። ጠርሙሱን ከድኜ «የእኛ ግቢ» ብዬ ጻፍኩበት።

ወደ ማታ፤ ካዛንቺስ

ዶክተር ሰናይት ከመሄዷ በፊት መድረስ አለብኝ። ታክሲው በየቦታው ይቆማል፣ ረዳቱ መልስ አጥቶ ይጨቃጨቃል፣ ሣጥኑ ጉልበቴ ላይ ነው፣ በረዶው ቀልጦ ቀሚሴን አርሷል። የምወርድበት ቦታ ታየኝ። የሚወርድ ሰው አልነበረም።

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ «እህት፣ ሰምተናል፤ ደንቆሮ አይደለንም» አለኝ።

ሦስተኛ ፎቅ በሩጫ ወጣሁ። ዶክተር ሰናይት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር፤ ጠርሙሱ ላይ የጻፍኩትን «የእኛ ግቢ» የሚለውን አንብባ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ

መጠበቅ ከመዞር ይከፋል። ጸጉር ቤት አንዷን ደንበኛ ሁለቴ አጠብኳት። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ሳይሆን ውሃው አጠገብ አስቀምጬ አሠሪዬ ተቆጣችኝ። በሳምንቱ መሃል ተደወለ።

ዶክተር ሰናይት ክብ ሳህኖች ደርድራ አሳየችኝ። እያንዳንዱ ሳህን ላይ የአባባ ባክቴሪያ እንደ ጉም ተነጥፏል። የእትዬ አስካለ ውሃ የተጨመረበት ምንም አልሆነም፤ ጉሙ ሙሉ ነው። የዘሪሁንም እንደዚያው። የእኛ ግቢ ሳህን ላይ ግን ቀዳዳዎች አሉ። ጥቃቅን፣ ጥርት ያሉ ቀዳዳዎች፤ አቧራማ መንገድ ላይ የመጀመሪያው የዝናብ ነጠብጣብ ሲያርፍ የሚሆነውን ይመስላሉ።

«እዚህ እዚህ ጋ ባክቴሪያው ሞቷል» አለችኝ በጣቷ እያሳየች። «ግን ሰብለ፣ ስሚኝ። ይሄ ሳህን ነው። ሆድ ሌላ ነው። ቫይረሱ ተለይቶ ይጣራል፣ ጉዳት እንደሌለው ይፈተሻል፣ ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያም ባክቴሪያው ሊለምደው ይችላል፤ ስለዚህ ሌላም ፋጅ እንድንፈልግ በየቅዳሜው አንድ ጠርሙስ አምጪልኝ። ቃል አልገባልሽም።»

«እሺ» አልኳት፣ ዛሬ በአፌ። «አንቺ ግን ቀጥይ።»

ማታ አባባ የሳህኑን ፎቶ ስልኬ ላይ ሲያይ ቆየ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው?» አለ። «በጣም ትንንሽ ናቸው እኮ።» ከዚያ ጎኑን ይዞ ተኛ። የቀዶ ሕክምናው ቀን እስካሁን አልተቆረጠም። እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት ተራው የሙሉ ነው። ቅድም ከግቢው ጥግ ድምጿ መጣ፤ ጎረቤት ግቢ ድረስ የሚሰማ፦

«ሰብለ! በረኪና ልደፋ ነው፤ የምትቀጂው አለ?»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ሁሉም ውጭ ነበሩ። የበረዶ ሣጥኑን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

«አለ!» አልኩ። «መጣሁ!»